ፊርሚን ፍሬኑን ሲይዝ

ኦስተንድ፣ ከባሕሩ ዳር፣ ትራሙ ሲታጠፍ፣
ከቤቶቹ ጣሪያ በላይ ትታይ ነበር ያቺ የእንጨት ወፍ፤
ነጭ ቀለሟ ተልጦ፣ ጨው በልቶት ምስማሩን፣
ከስሟ ሁለት ፊደላት አጥተው አምፑላቸውን።

አራት መቶ ዐሥራ ሁለት ጊዜ ተሳፍሬባታለሁ።
ደብተር አለኝ፤ ቀኑን፣ ወንበሩን፣ የነፋሱን አቅጣጫ ጽፌያለሁ።
የመጀመሪያው ገጽ፦ «ረቡዕ። አራተኛ ወንበር። ነፋስ ከምዕራብ። ጮህኩ።»
ሁለት መቶኛው ላይ፦ «ዝናብ። ዝም አልኩ።»
ሰው ይስቃል። ይሳቅ።
አንዱ ቴምብር ያከማቻል፣ አንዱ ለኳስ ጉሮሮው ይደርቅ፤
እኔ የወደድኩት እየተንቋቋ የሚወጣ እንጨት፣
ጫፉ ላይ ያቺን ቅጽበት፣
ባሕሩ በግራ፣ ከተማው በቀኝ፣
ከዚያ ሆዴ ባር ባር ሲለኝ።

መሃል ፉርጎ ላይ ፊርሚን፣ ፍሬን ያዥ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት፤
ኮምፒዩተር አታውቅም እሷ፤ የእሱ ክንድ ነበር ልጓሟ፣ የእሱ ጉልበት።
አይናገርም። ሰላምታው በቅንድቡ ነው።
ግን የሚያውቀው ሰው ሲሳፈር፣ ሦስተኛው ቁልቁለት ላይ፣
ፍሬኑን ዘግየት አድርጎ ነው የሚይዘው።
ግማሽ ሰከንድ። ከወንበርህ ብድግ የምትልበት።
ስጦታው ያቺ ነበረች፤ ሌላ ቃል አልነበረበት።

በመስከረም ወረቀት ተለጠፈ፦
«እንጨቱ አርጅቷል፣ ኢንሹራንሱ ከብዷል፣
በቦታዋ የብረት፣ በመነጽር የሚታይ፣ አዲስ ይተከላል።»
ተዘጋች አትበሉኝ።
እኔን የሚመስለኝ፣ ዘጋችኝ፤
እንደ ቂመኛ ወዳጅ፣ መንገድ ላይ አይታ እንዳላየች ያለፈችኝ።

የመጨረሻው እሑድ ጭጋግ ነበር።
ትኬት ሻጯ ጎደሊቭ፣ ሹራብ በሹራብ ደርባ፣
«ያንተ ተከፍሏል» አለችኝ፣ ሳታየኝ፣ ሳታነባ።
ወጣን። ሰንሰለቱ ተንቋቋ።
ጫፉ ላይ ደረስን፤ ጸጥ። ባሕሩን ጭጋግ ውጦታል።
አሁን፣ አልኩ፣ ፊርሚን ይለቃታል፣
ላንዴ እንኳ እስከ ጥጉ፣ ያለ አንዳች ፍሬን ይለቃታል።

ያዘ።

በዝግታ ወረድን፣ እንደ ጋሪ፣ እንደ ሬሳ ሳጥን።
ከኋላ አንድ ጎረምሳ «ዩሮዬን መልሱ!» ብሎ ጮኸ፤
ሌሎቹም አፏጩ።
እውነቱን ልናገር፦ እኔም ተናደድኩ።
አራት መቶ ዐሥራ ሦስተኛዬን አበላሸው፣ ብዬ ጥርሴን ነከስኩ፣
ዘወር ብዬ እስካየው ድረስ፦
ሁለት እጁ ማንሻው ላይ፣ ጣቶቹ ነጥተው፣
ልጁን ከባቡር ጣቢያ እየሸኘ፣ መስኮቱን የሙጥኝ እንዳለ ሰው።
ለካ የሚሮጠው ነገም የሚሮጥ ነው፤
መድረስን የፈራ ነው ቀስ የሚለው።

ፍሬኑ ዝም ቢል፣ በሰልስቱ ክሬኑ ጮኸ።
ለእንጨት «ነፍስ ይማር» አይባልም፣ አውቃለሁ፤
ግን አጥሩ ጥግ ቆሜ ባርኔጣዬን አውልቄያለሁ።
ጣውላውን ቆራርጠው ሸጡልን፣ በዐሥራ ሁለት ዩሮ አንዱን፤
እኔ ከሦስተኛው ቁልቁለት ወሰድኩ፣ ምስማሩ የተጣመመውን።

አዲሱን አልጠላውም። ምን እዋሻለሁ፤ ለፋሲካ ሲከፈት፣
መነጽሬን አጥልቄ እሰለፋለሁ፤ ምናልባትም ከሁሉ ፊት።
ደብተር ግን ሌላ እገዛለታለሁ።

ጣውላው መስኮቴ ሥር ነው።
ሌሊት፣ የመጨረሻው ትራም ሲያልፍ፣
ብርጭቆው ይንጫጫል፣ ጣውላው ይንቀጠቀጣል፤
እኔም በግማሽ እንቅልፍ
የአልጋዬን ጠርዝ እይዛለሁ፤
ግማሽ ሰከንድ እጠብቃለሁ።